አንድ ሊትር የት ያደርሰናል?

ለሳምንታዊ የአድማጮች ዝግጅት የተሰናዳ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ፣ በሸነንና በየቀበሌው ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ የዛሬው ዝግጅት ለእናንተ ነው። መሪ ይዛችሁ መንገድ ላይ ያላችሁም፣ ዓይናችሁ ከመንገዱ፣ ጆሯችሁ ከእኛ ጋር ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ነዳጅ ነው። የነዳጅ ነገር የማይመለከተው ሰው አለ? የባጃጅ ሹፌሩን ይመለከተዋል፤ በባጃጁ የሚሳፈረውንም ይመለከተዋል። ድንች ከሸነን ወደ አምቦ ገበያ የሚያወርደውን ገበሬ፣ ለልጇ ታክሲ የምትከፍለውን እናት፣ ቅዳሜ ከሰዓት አሮጌ ቮልሱን አጥቦ የሚወለውለውን መኪና ወዳድ፣ ሁሉንም ይመለከታል።

ዛሬ በተለይ የምናወራው መኪናቸውን ለሚወዱ ሰዎች ነው። መኪናችንን እየወደድን፣ ሳንሸጠውና ደጅ ሳናቆመው፣ ይህን የነዳጅ ዋጋ እንዴት እንቋቋመው?

መልሱን በሦስት ቃል አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለኩ። ጠብቁ። ረጋ በሉ። የነዳጃችሁን ፍጆታ ለኩ፤ የመኪናችሁን ጤና ጠብቁ፤ ረጋ ብላችሁ ንዱ። እነዚህን ሦስት ቃላት እስከ መጨረሻው እየደጋገምን እናነሣቸዋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በመጀመሪያ፣ ዋጋው ለምን ናረ?

ሀገራችን ነዳጅ የምታስገባው ከውጭ ነው። ተጣርቶ ያለቀለት ቤንዚንና ናፍጣ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ ቦቴዎች ጭነው ወደ መሀል ሀገር ያመጡታል። የሚገዛው በዶላር ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮች ዋጋውን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። አንደኛው የዓለም ገበያ፣ ሁለተኛው የብርና የዶላር ምንዛሪ።

በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የዓለም ገበያ ተናወጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ እያነሣ፣ ድጋፉን ወደ ሕዝብ ማመላለሻዎች ማዞር ጀመረ። ያን ጊዜ አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2016 ሐምሌ ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በ2017 ጥር መግቢያ ላይ ቤንዚንም በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ልብ በሉ፤ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ለየከተማው ዋጋ ሲወጣ የማጓጓዣው ወጪም ስለሚታሰብ፣ ከአዲስ አበባ አልፈን የምንኖር ሰዎች ትንሽ ጨምረን እንከፍላለን።

የነዳጅ ዋጋ ይህችን ሀገር ሲፈትናት የመጀመሪያው አይደለም። አባቶቻችን የ1966ን የካቲት ያስታውሱታል። በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት ነዳጅ በዓለም ላይ ተወደደ፤ በሀገራችንም የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ተጨመረ፤ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥትም የጨመረውን ለመቀነስ ተገደደ። ይህም ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ሆነ። በ1967 መስከረም 2 ቀን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በአንዲት ቮልስዋገን ነበር።

ቮልስን ካነሣን ወደ መኪና ወዳጆች እንምጣ።

(የቮልስ ሞተር ሲነሣ የሚሰማ ድምፅ፤ ለጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ይህን ድምፅ የማያውቅ አለ? በሀገራችን ቮልስ የሚወድ ሰው መኪናውን እንደ ቤተሰብ ነው የሚያየው። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ቮልስ ብዙ ነው። ዲኤክስ ኮሮላ የሚወዱ አሉ። ቪትዛቸውን አሳምረው የያዙ ወጣቶች አሉ። ላንድክሩዘራቸውን ለማንም የማይሰጡ አሉ።

አንዳንድ ሰው፣ «በዚህ ዋጋ መኪና መውደድ ቅንጦት ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። መኪናውን ከልቡ የሚወድ ሰው ነዳጅ በመቆጠብ ከሌላው ይቀድማል። ለምን ቢባል፣ የሞተሩን ድምፅ ያውቃል፤ ጎማው ሲረግብ ከመሪው ይሰማዋል፤ ጭሱ ቀለም ሲቀይር ያያል። ነዳጅ የሚባክነው እነዚህን ምልክቶች የሚያይ ሰው ሲጠፋ ነው። የነዳጅ ዋጋ በእጃችን አይደለም፤ አንድ ሊትር የሚያስኬደን ርቀት ግን በአብዛኛው በእጃችን ነው። የዛሬው መልእክታችን ይኸው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የመጀመሪያው ቃላችን ምን ነበር? ለኩ።

መኪናችሁ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? ብዙዎቻችን ስንጠየቅ፣ «ጥሩ ነች፣ አትበላም» ብለን እንመልሳለን። ይህ መልስ በቂ አይደለም። በቁጥር ማወቅ አለብን።

አለካኩ ቀላል ነው። ማደያ ገብታችሁ ታንከሩን አስሞሉ፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጻፉ። እንደ ወትሮው ንዱ። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና አስሞሉና ስንት ሊትር እንደገባ እዩ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉት። 300 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 25 ሊትር ከገባ፣ መኪናችሁ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ማለት ነው።

ዛሬ ክፍያው በስልክ ስለሆነ አንድ ጥቅም አለው። በቴሌብርም ሆነ በሌላ መንገድ ስትከፍሉ መልእክቱ ስልካችሁ ላይ ይቀራል። መልእክቱን አታጥፉት፤ ከጎኑ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ብቻ ጨምራችሁ ጻፉ። የመኪናችሁ የጤና መዝገብ ይሆናችኋል።

በሊትር ጥቂት ኪሎ ሜትር ጨምሮ መሄድ በገንዘብ ሲታሰብ ምን ያህል ነው? አብረን እናስላ። ለስሌት እንዲቀለን ሊትሩን 120 ብር እንበለው። ከአምቦ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከከተማው ውስጥ ዙረት ጋር 240 ኪሎ ሜትር ይሁን። በሊትር 10 የምትሄድ መኪና 24 ሊትር ትፈልጋለች፤ 2,880 ብር ማለት ነው። ያችው መኪና ተስተካክላ በሊትር 12 ብትሄድ 20 ሊትር ይበቃታል፤ 2,400 ብር። በአንድ ጉዞ 480 ብር ኪስ ውስጥ ቀረ። በወር አራት ጊዜ የሚመላለስ ሰው ስንት ይተርፈዋል? እናንተው አስሉት።

(አጭር ዝምታ)

አቅራቢ፦ ሁለተኛው ቃላችን፣ ጠብቁ።

ከጎማ እንጀምር። የረገበ ጎማ መንገዱን በሰፊው ይይዛል፣ ይሞቃል፣ ሞተሩን ያለፋል፤ ጎማውም ዳርና ዳሩ ቶሎ ያልቃል። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ጎሚስታ ጋ ጎራ ብላችሁ አስለኩት። ልኩን የሚነግራችሁ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚሸከመው የመጨረሻ ልክ ነው፤ ለመኪናችሁ የሚስማማው ልክ አይደለም። ሁለቱን አታምታቱ።

ቀጥሎ ካንዴላ። ያረጀ ካንዴላ ቤንዚኑን በወጉ አያቃጥለውም፤ ሳይቃጠል የቀረው በማርሚታው በኩል ይወጣል። ቮልስና ዲኤክስ የያዛችሁ ደግሞ ፑንቲናውን አትርሱ። ክፍተቱ ከተዛባ እሳቱ ጊዜውን ይስታል፤ ጉልበት ይቀንሳል፤ እናንተም ነዳጅ ትረግጣላችሁ።

አሁን ለእኛ አካባቢ የተለየ ነገር ላንሣ። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ወንጪ 3,000 ሜትር ግድም ይደርሳል። የጅባት ደጋም ከፍ ያለ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል። በአምቦ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ታዲያ ይህ ከቤንዚን ጋር ምን አገናኘው?

ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት። ኢኤፍአይ የሆኑት፣ ማለትም ነዳጃቸውን ኮምፒውተር የሚለካላቸው፣ እንደ ቪትዝ ያሉት መኪናዎች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ። ካርቡራተር ያላቸው ግን አያውቁትም። ለቆላ ተብሎ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል። ምልክቱ ምንድን ነው? ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ። ስለዚህ ቮልስ ወዳጆች፣ ካርቡራተራችሁን እናንተ በምትነዱበት ደጋ ላይ፣ በሚያውቅ መካኒክ እጅ አስተካክሉት። የአየር ማጣሪያውንም በተለይ በጠጠር መንገድ የምትሄዱ ቶሎ ቶሎ እዩት፤ በካርቡራተር መኪና ላይ በአቧራ የታፈነ ማጣሪያም እንዲሁ ቤንዚን ያበዛል።

ናፍጣ የምትነዱ፣ አይሱዙ፣ አባዱላ፣ የጭነት መኪና ያላችሁ፣ ዳገት ላይ መስታወታችሁን እዩ። ከኋላችሁ ጥቁር ጭስ ከተከተላችሁ ያ ጭስ ገንዘብ ከፍላችሁበት ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ኖዝሉን፣ ፖምፓውን፣ የአየር ማጣሪያውን አስፈትሹ። ጭሱ መንገድ ዳር የቆሙትን ተማሪዎችም ይጎዳል።

በመጨረሻ ሸክም። ጣራ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ባዶውን ቢሆንም አየር ይገታል። ካልተጠቀማችሁበት አውርዱት። የመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ለወራት የተቀመጠ የማያስፈልግ ዕቃም ይውጣ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሦስተኛው ቃላችን፣ ረጋ በሉ።

ነዳጅ የሚበላው ማነው? መኪናው ነው ወይስ እግራችን? ነዳጅ ረግጠን አፍጥነን፣ ወዲያው ፍሬን ረግጠን ስናቆም፣ ያን ፍጥነት ለማግኘት ያቃጠልነውን ነዳጅ ፍሬኑ ላይ አሙቀን ጣልነው። ስለዚህ ፊት ለፊት አርቃችሁ እዩ። ወደ ሆለታ ገበያ ስትቃረቡ ሰው ከብት እየነዳ ሲሻገር ከሩቅ ካያችሁ፣ እግራችሁን ቀደም ብላችሁ ከነዳጁ ላይ አንሡ። መኪናው ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ምናልባት መቆምም አያስፈልጋችሁም።

ፍጥነትም እንዲሁ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አየሩ መኪናውን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከአዲስ አበባ አምቦ በ100 እና በ80 በመንዳት መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት፣ መንገዱ ሁሉ ክፍት ቢሆን እንኳ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ቡራዩን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ ጋሪውንና ከብቱን ጨምሩበትና ያ ሩብ ሰዓት ምን ያህሉ ይቀራል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። ነዳጁ ግን ሄዷል።

ዳገት ላይ ማርሽ በጊዜ ቀንሱ። ሞተሩ እያቃሰተ በትልቅ ማርሽ መግፋት ነዳጅ አይቆጥብም፤ ሞተርም ይጎዳል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሳይጮህ ወደ ትልቁ ማርሽ ግቡ።

የባጃጅ ሹፌሮች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተሩን አስነሥቶ መጠበቅ የዕለት ገቢን ይበላል። ማደያ ወረፋ ላይም ቢሆን ቆማችሁ የምትጠብቁ ከሆነ አጥፉት። የቆመ መኪና በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ዜሮ።

(ሙዚቃው ይቆማል፤ አቅራቢው ረጋ ባለ ድምፅ ይቀጥላል)

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ አሁን የምናገረው የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ቁልቁለት ላይ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገቡ፣ መንዳት። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ከሹፌር ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ አዲስ ሹፌር የሚተላለፍ ልማድ ነው። እውነት ይቆጥባል?

ኢኤፍአይ በሆነ መኪና አይቆጥብም። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ስታነሡ፣ መኪናው ቁልቁል እየሄደ ሞተሩን ራሱ ያዞረዋል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጁን ይዘጋዋል። ፎሌ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት ይጀምራል። ነዳጅ ሊቆጥብ ፎሌ ያደረገ ሰው ነዳጅ ጨመረ ማለት ነው። በካርቡራተር መኪና ትንሽ ቢተርፍ እንኳ የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚያች ጠብታ ጋር አይወዳደርም።

ከወንጪ ወደ አምቦ ስትወርዱ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ይህን ሁሉ በፎሌ የሚወርድ መኪና የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። የፍሬን ሸራው ይግላል፤ ሲግል መያዝ ያቆማል። ሞተሩን ጨርሶ ያጠፋ ደግሞ የፍሬኑን አጋዥ ያጣል፤ ፔዳሉ ይደነድናል፤ መሪው ይከብዳል፤ ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ሊቆለፍም ይችላል። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ግን ይህን አያውቁም።

ስለዚህ ልድገመው። ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረደው። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ረዳቶች፣ ተሳፋሪዎች፣ ሹፌሩ ፎሌ ሲያደርግ ካያችሁ በትሕትና፣ «ወንድሜ፣ በማርሽ ውረድልን» በሉት። ይህን ማለት መብታችሁ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ነው። ማደያ ሲደርቅ መንገድ ዳር እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ዋጋው ውድ ነው፤ ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ሞተር ያበላሻል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅም ከማደያ ውጭ ነዳጅ መሸጥን በወንጀል ያስቀጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን እሳቱ ነው። ቤንዚን በጀሪካን ቤት ሲቀመጥ ተኑ ይወጣል፤ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየሄደ ምድጃው ዘንድ ይደርሳል። ልጆች በሚተኙበት ቤት ቤንዚን አታስቀምጡ። እባካችሁ።

(አጭር ሙዚቃ፤ ሞቅ ያለ)

አቅራቢ፦ ነገስ? የነገው መፍትሔ ምን ይሆናል?

ጎረቤታችን ፊንጫ አንድ ታሪክ አላት። በ2001 ዓ.ም. በሀገራችን ቤንዚን ከኢታኖል ጋር መቀላቀል ሲጀመር፣ ኢታኖሉ የመጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነበር። ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት የሚወጣ ነዳጅ፣ በጌዶ በኩል አልፎ በአምቦ መንገድ። ከራሳችን መሬት ነዳጅ ማግኘት እንደሚቻል ያየንበት ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ጉዞው ወደ ኤሌክትሪክ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎችን ማስገባት ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የቀረጥና የግብር ማበረታቻ አግኝተዋል። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከራሳችን ወንዞች ነው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድባችንም በ2017 ጳጉሜ ላይ ተመርቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ እንደ እኛ ዳገትና ቁልቁለት ለበዛበት ሀገር ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የመሙያ ጣቢያ ከዋና ከተማው ውጭ እስኪስፋፋ፣ ዋጋውም የብዙኃኑን አቅም እስኪያገናዝብ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ በደጃችን ያሉት ቮልሱ፣ ዲኤክሱ፣ ቪትዙና ባጃጁ ናቸው። እነሱን በወጉ እንያዝ።

(የመውጫ ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይጀምራል)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ሦስቱን ቃላት አብረን እንበላቸው። ለኩ፦ ታንከር አስሞልታችሁ በሊትር ስንት እንደምትሄዱ እወቁ። ጠብቁ፦ ጎማውን፣ ካንዴላውን፣ ካርቡራተሩን፣ ማጣሪያውን። ረጋ በሉ፦ በልክ ፍጠኑ፣ ቆማችሁ ስትጠብቁ ሞተር አጥፉ፣ ቁልቁለትን በማርሽ ውረዱ።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ያላችሁ ሁሉ አንድ ጊዜ ለኩ። የመኪናችሁን ዓይነት፣ የምትሄዱበትን መንገድና በሊትር ያገኛችሁትን ኪሎ ሜትር ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት እናነባቸዋለን። መኪና የሌላችሁም ለሚነዳው ወንድማችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ይህን ንገሩት።

ማደያው ላይ የተጻፈውን ዋጋ እኛ አንቀይረውም። ከዚያ ማደያ ቀድተን የምንሄደውን ርቀት ግን ከነገ ጠዋት ጀምረን መጨመር እንችላለን። በሰላም ግቡ፤ ሳምንት ያገናኘን።

(የመውጫ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይጨርሳል)